ወራጅ አለ

የካርድ ክፍሉ መስኮት ጠባብ ነው፣ ፊት ብቻ ነው የሚያሳይ፣
እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ፤ «ከዚህ ይታያል ወይ ሰማይ?»
«ስም?» አልኩት። ብዕሬ በብርዱ አልፎ አልፎ ቀለም ይተፋል።
«በእናንተ ምላስ አይያዝም፤ ሲጠሩት» አለኝ፣ «ይጠፋል።»
«ክፍለ ከተማ?» ዝም። «ወረዳ?» ዝም። «የቤት ቁጥር?»
ጣቱን ወደ ኮርኒሱ አነሳ፦
ዝናብ የሳለው ክብ እድፍ፣ በዳሩ የሸረሪት ድር።

ከኋላው እህቱ አልጋነሽ፣ መታወቂያውን በፌስታል ጠቅልላ፣
«ልሳኑ ነው ስሙ፣ የታክሲ ረዳት» አለችኝ፣ በትከሻው ሥር ዝቅ ብላ፤
«ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ለገሀር፣ አሥራ አንድ ዓመት ጠርቶ ደክሞ፣
አንድ ማታ ‹እናንተ እነማን ናችሁ?› አለን፣ የገዛ ደጃችን ላይ ቆሞ።»

አድራሻ የሌለው ካርድ መደርደሪያ አይገባም፤ ደንቡ ነው።
«ጊዜያዊ» ብዬ ጻፍኩበት።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ከክኒኑ ሰዓት በፊት፣
አንድ እግሩን ከዋርዱ ደፍ ላይ ሰቅሎ፣ ክንዱን ወደ ውጭ ጥሎ ይጣራል፦
«ሞላ! ሞላ! አንድ ሰው የቀረው!
ቀጥታ ነው፣ መሃል ላይ አይቆምም! ዝርዝር ያላችሁ!»
ወዴት እንደሆነ አይናገርም፤ ስሙ አይጠራማ።
ይሰለፋሉ ግን።
ትርሲት ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ፣
መቶ አለቃ ይርዳው ፒጃማውን እስከ አንገቱ ቆልፎ።
ሲስተር ዘነበች እንኳ አንድ ቀን ከሰልፉ ጫፍ ቆመች፤
ክኒን ልሰጥ ነው አለች። ብቻ፣ ቆመች።
«ሒሳብ!» ሲል ይከፍሉታል፤ አንዷ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ የብርቱካን ፍሬ፣
መቶ አለቃው ግን ባዶ እጁን ዘርግቶ፣
«መልሴን አልሰጠኸኝም» ይለዋል፣ «እስከ ዛሬ።»

አንድ ቀን ከባሕር ዛፉ ሥር አገኘሁትና
«እውነት ከላይ ነህ?» አልኩት፤ ለመሳቅ ነበር።
«ላይ የምትሉት» አለ፣ «ከታች ስለምታዩት ነው።
ተጠቅጥቀን ነበር፣ አራት ሰው በሦስት ሰው ወንበር።
‹ወራጅ አለ› ያለው ሌላ ነው። በሩ ሲከፈት ገፉኝ፣ ወረድኩ።
መኪናው ሄደ።
እዚህ ስም ይሰጡሃል፣ እህት ይሰጡሃል፤ ልብሱም ልክህ ነው።
ክፉ አይደላችሁም።
ብቻ የት ልሂድ ስል፣ የት ነበርክ ትሉኛላችሁ።»

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ፣ እግሬ ለምዶ ወይ ተሳስቶ፣
የፒያሳ ታክሲ ገባሁ፣ ከኋላ ወንበር ተገኝቶ።
ቤታችን ከፈረሰ ዓመት አልፎታል፤ አሁን የማድረው
ከከተማው ጫፍ ነው፣ ስሙን ምላሴ ገና ባልለመደው።
እዚያ ስንደርስ አፌ ቀደመኝ፦ «ወራጅ አለ!»
ረዳቱ አንገቱን አዙሮ «የት ጋ?» አለ።

የት ጋ።
ጋሽ ኪሮስ ልብስ ስፌት ጋ ልል ነበር፤ የለም።
ቦኖው ፊት ለፊት፤ የለም።
የእማማ ስንዱ የቆርቆሮ አጥር፣ እኔን ያየ የሚጮኸው ውሻቸው…
ሰፊ አስፋልት፣ የታጠረ አበባ፣
አምፖል የተጠመጠመበት ዘንባባ።
ያምራል፤ አልዋሽም።
«እናት፣ የት ጋ ልጣልሽ?»
ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እጄን አነሳሁ፣
ደጃችን በነበረበት ልክ፣
ጣቴ ሰማይ ላይ ቀረ።

ሰኞ ዋርዱ ጭጭ ብሏል። መድኃኒቱ ሠራለት አሉ።
«ስም?» ሲሉት «ልሳኑ» ይላል፤ አልጋነሽ በደስታ አለቀሰች።
መውጫውን ሊፈርም በመስኮቴ ጎንበስ አለ።
ማንም አልሰማኝም፤ ቀስ ብዬ
«አንድ ሰው ቀርቶሃል?» አልኩት።
አየኝ። ብዙ አየኝ።
እጁን ኪሱ ሰደደ፤ ያቺን የሸሚዝ ቁልፍ
ከካርዱ አጠገብ አኖረልኝ፣
«መልስሽ» ብሎ።